ጣቴን ሳልታጠብ ወጉኝ
አንድ ያነበብኩት ጽሑፍ የባትሪ ሠራተኞች ደም ለእርሳስ (ለመርዛማው ብረት) ይመርመር ይላል። እስማማለሁ፣ ግን የአንድ ቀን ምርመራ ሁሉንም አይናገርም። ደም ውስጥ ያለው እርሳስ በአንድ ወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ አጥንት ውስጥ የገባው ግን አሥርት ዓመታት ይቆያል። ካድሚየም የሚባለው ሌላ መርዛማ ብረት በሰውነት መጠራቀሙን ለማወቅ ደግሞ የሽንት ምርመራ ይሻላል።

እኔ ባትሪ ቤት ስሠራ አንዴ ሊመረምሩን መጡ። ጣቴን እንኳ ሳልታጠብ ወጉኝ! እጅ ላይ ያለው ብናኝ ከደሙ ጋር ተቀላቅሎ ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል እኮ። ውጤቱንም የነገረን የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ እርሳሱ በዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራም ከደረሰ ምንጩ ይፈለግ ይላል። የእኛ ምንጭ መቼ ጠፋ? በዚያው እጅ እንጀራ እንቆርሳለን፣ በዚያው ቱታ ቤት ገብተን ልጅ እናቅፋለን።