ቆርኪ ያላችሁ ተባበሩኝ

ዛሬስ አልቻልኩም፣ ልተንፍሰው።

ለልጄ ልደት መኪና ገዛሁለት። ፕላስቲክ፣ በ1,200 ብር። መብራቱ ይበራል፣ ይጮኻል፣ በምን ቋንቋ እንደሆነ እንጃ ይዘፍናል። ኬኩ ሳይቆረስ ዝም አለ። ባትሪ ቀየርኩለት፣ ወይ ፍንክች። "በቃ በእጅህ ግፋው" አልኩት። ጎማው አይዞርም! ተገፍቶ እንኳን የማይሄድ መኪና! በማግስቱ ይዤው ወደ ሱቁ ሄድኩ። ባለሱቁ ገልበጥ አድርጎ አየውና "ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የልጅ መጫወቻ ነው" ብሎኝ አረፈው።

የልጅ መጫወቻማ እኔን ጠይቁኝ!

ያደግኩት በ80ዎቹ፣ አዲስ አበባ ነው። እኛ ሰፈር መኪና አይገዛም፣ ይሠራል። ግንባታ ካለበት የፌሮ ማሰሪያ ሽቦ ይለቀማል (ይሰረቃል ብል ይሻላል)። ፒንሳ ከሌለ በጥርስ ሳይቀር ይጠመዘዛል። ለጎማ ያረጀ ነጠላ ጫማ ሶሉ በምላጭ ክብ ክብ ተደርጎ ይቆረጣል። እሱም ከጠፋ ቆርኪ አለ፣ መሃሉን በምስማር መብሳት ነው። መሪው እስከ ደረት ድረስ ይረዝማል፣ ምክንያቱም የሚነዳው ቆሞ፣ እየተሮጠ ነው። ሞተሩ አፍህ ነው። ከተጣመመ አቃንተህ ትቀጥላለህ። የእኔ አይሱዙ ሁለት ክረምት አገልግላኛለች። ጎማ ብቻ ነው የቀየርኩላት።

ቅዳሜ ታዲያ እልህ ያዘኝና "እኔው እሠራለታለሁ" አልኩ። ሽቦ አላጣሁም፣ አዲስ አበባ መቼ ግንባታ ጠፍቶባት ያውቃል። ያጣሁት ቆርኪ ነው። ሱቁ ሁሉ ለስላሳውን በፕላስቲክ ነው የሚሸጠው፣ ክዳኑ የሚጠመዘዘውን። 4 ቆርኪ ብቻ እኮ ነው የፈለግኩት! እኛ በኪስ ሙሉ ቆርኪ ቁማር ስንጫወት የኖርን ሰዎች።

ቢሠራስ የት ሊነዳው? አምና ብይ ገዝቼለት ነበር። ብይ ጉድጓድ ይፈልጋል፣ ጉድጓድ አፈር ይፈልጋል። የኮንዶሚኒየማችን ግቢ ኮብልስቶን ነው። ከበሩ ውጪም ኮብልስቶን፣ ከዚያ ወዲያ አስፋልት። ልጁ አንዴ ወረወራት፣ ድንጋዮቹ መሃል ገብታ ቀረች። የተረፉት መሳቢያ ውስጥ ናቸው፣ ካለቁት ባትሪዎች ጋር። እህቶቼ ሱዚ ይዘሉባት የነበረችው የድሮ ሰፈራችን ሜዳም ዛሬ መኪና ማቆሚያ ሆናለች። በኩሽኔታ ጋሪ ቁልቁለት መውረዱን አላነሳም። እሱንስ ልጄ ሲሞክረው ባይ እኔም ነፍሴ ትወጣለች፣ ጉልበቴ ላይ ያለው ጠባሳ ምስክሬ ነው።

እዚህ ፌስቡክ ላይ ግን ሁላችንም ጀግና ነን። አንዱ የብይ ፎቶ ይለጥፋል፣ "ይህን የምታውቁ ላይክ" ይላል፣ እንረባረባለን። "ወይ ደጉ ዘመን!" እንላለን። ልጆቻችን አጠገባችን ስልክ ላይ ተደፍተው። ደግሞስ ምኑ ነው ደግ? የካልሲ ኳስ የሠራነው እኮ ኳስ መግዣ ስላልነበረን ነው። እማዬ የካልሲዋን አንድ እግር ባጣች ቁጥር የሚወርድብኝን ኩርኩም ደጉ ዘመን አላስጣለኝም።

እንግዲህ ከተናገርኩ አይቀር ሌላም ልናዘዝ። አምና የግቢያችን ኮሚቴ ስብሰባ ጠርቶ ነበር። "ልጆች ግቢ ውስጥ ኳስ እንዳይጫወቱ" የሚል ሐሳብ ቀረበ። ድምፅ ይሰጥ ተባለ። እጄን አወጣሁ፣ ያውም ከሁሉም ቀድሜ። ስፖኪዮዬ በኳስ ተሰብሮ ነበራ! ልጄ ያን ዕለት ከጎኔ ተቀምጦ ያየኝ ነበር። ምንም አላለም። እኔም አላስታወስኩትም ነበር፣ ቅዳሜ ሽቦ እየጠመዘዝኩ "አባዬ፣ ግቢ ውስጥ መንዳት ይቻላል?" ብሎ እስኪጠይቀኝ ድረስ። "ይሄ እኮ ኳስ አይደለም" አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

ትናንት ማታ ሰፈር ያለ ግሮሰሪ ገብቼ፣ ከጠረጴዛ ስር ጎንበስ ብዬ ቆርኪ ስለቅም አስተናጋጇ ደረሰችብኝ። አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ጋሼ፣ የቢራው ዕጣ እኮ ካበቃ ቆየ" አለችኝ።

ሁለት አግኝቻለሁ። ሁለት ይቀረኛል።