ቅሬ በዶላር አይከፈልም

ባለፈው እሑድ ደሴ ላይ፣ እኔም አባል በሆንኩበት አንድ የአረጋውያን ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ፣ እዚህ ያለነው በወር የምንከፍለው 50 ብር እንዳለ እንዲቀጥል፣ ውጭ አገር የሚኖሩት አባላት ግን ከእንግዲህ በወር 10 ዶላር፣ ያውም በውጭ ምንዛሪ ብቻ፣ እንዲከፍሉ ተወሰነ። ስድስት ወር ያልከፈለ ስሙ ከመዝገብ ይሰረዛል። እጅ ተቆጠረ፣ ተጨበጨበ፣ ጉባኤው ተበተነ። እኔ እጄን አላነሣሁም፤ ነገር ግን ንዴት አፌን ስለያዘኝ መናገር የነበረብኝንም በቅጡ አልተናገርኩም። ዛሬ እናገራለሁ። በኮምቦልቻና በወልዲያ ያሉ መሰል ማኅበራትም ይህንኑ ለማድረግ እያሰቡ መሆኑን ስለሰማሁ ዝም ማለቱ ነውር ሆኖብኛል።

ሰብሳቢያችን የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ለማኅበሩ የደከሙትን አልክድም። ግን ከአፋቸው የወጣች አንዲት ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች፦ «10 ዶላር ለእነሱ የሁለት ስኒ ቡና ዋጋ ነው።» አዳራሹ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። የውሳኔው ምሰሶ ይህች ዓረፍተ ነገር ናት፤ እሷ ከተነቀለች ሌላው ሁሉ ይወድቃል።

ለመሆኑ «እነሱ» እነማን ናቸው? ለዓመታት የማኅበሩ ጸሐፊ ስለነበርኩ መዝገቡ የተጻፈው በእጄ ነው፤ እያንዳንዱን ስም አውቀዋለሁ። አንዷ ከሃያ ዓመት በላይ ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት የሠሩ እናት ናቸው። የሳዑዲ ሪያል ለአንድ ዶላር 3.75 ተብሎ የታሰረ ነውና 10 ዶላር ለእሳቸው 37 ሪያል ተኩል ነው፤ በዚያ ላይ የመላኪያው ክፍያ አለ። እኚህ ሴት ቡና ገዝተው አይጠጡም፤ አፍልተው ለሌላ ሰው ያቀርባሉ። ሌላው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ዋሽንግተን አካባቢ ልጃቸው ዘንድ ሆነው የልጅ ልጆቻቸውን ይጠብቃሉ። ደመወዝ የላቸውም። በአዲሱ ውሳኔ መሠረት በየወሩ ልጃቸውን «10 ዶላር ስጪኝ» ሊሉ ነው፤ የዚህን ከተማ ልጆች ፊደል ያስቆጠሩ ሰው! ሦስተኛው ካርቱም ውስጥ ሱቅ ነበራቸው። በሚያዝያ 2015 የፈነዳው ጦርነት ንብረታቸውን በልቶት ዛሬ ካይሮ በዘመድ ቤት ተጠግተዋል። ከሦስቱ ለየትኛው ነው የሁለት ስኒ ቡና ዋጋ በየወሩ የሚተርፈው?

ቡናን ምሳሌ ማድረጋቸውም ራሱ አሳዝኖኛል። እኛ ዘንድ ቡና ተተምኖ አያውቅም። አቦሉ ሲቀዳ ጎረቤት ይጠራል፣ ቶናው ይከተላል፣ በረካው ላይ ይመረቃል። ስንት ጠጣህ ተብሎ የሚጠየቅ ሰው ወሎ ውስጥ አላየሁም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር 100 ብርን ተሻግሮ ሄዷል። በ100 ብር ብናስበው እንኳ 10 ዶላር 1,000 ብር ነው፤ ከእኛ ክፍያ ሃያ እጥፍ። እኔ በዓመት 600 ብር ስከፍል የጅዳዋ እናት ከ12,000 ብር በላይ ይከፍላሉ ማለት ነው። ለየትኛው አገልግሎት? ድንኳን ሲተከል አይቀመጡበትም። አዳራሹ ውስጥ ሻይ አይጠጡም። ሲታመሙ ከመካከላችን እጃቸውን ይዞ ሐኪም ቤት የሚያደርሳቸው የለም። ከማኅበሩ የሚያገኙት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስማቸው ከስማችን ጋር መጻፉን።

ይህን ቀላል ነገር ነው የሚል ሰው የስደትን እርጅና አያውቅም። ሲደውሉልኝ የሚጠይቁኝን እኔ ነኝ የምሰማው። ጦሳ ተራራ ላይ ዝናብ ጣለ ወይ? ሰኞ ገበያ ጤፍ ስንት ገባ? ማን ሞተ? ማን ቀበረው? ሁልጊዜ እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይለወጣል። በሰው አገር ያረጀ ሰው ቀባሪ ማጣትን ይፈራል። መዝገቡ ላይ ያለችው አንዲት መስመር ለእነሱ «አስከሬኔ ቢመጣ ወጥቶ የሚቀበለኝ ወገን አለ» ማለት ናት። ማኅበራችን ይህን ፍርሃት አየና ታሪፍ አወጣለት። ከዚህ የከፋ ጭካኔ ከሽማግሌዎች ጉባኤ ሲወጣ አይቼ አላውቅም።

«ሀብታም ብዙ ቢከፍል ምን አለበት?» ያለኝ ወዳጄ አለ። ለእሱ የምመልስለት ከቅሬ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንላለን፤ የአረጋውያን ማኅበራችንም የተቀረጸው በቅሬ ሥርዓት መሆኑን የመሠረትነው ሁላችን እናውቃለን። በቅሬ ውስጥ ሙጋድ ላይ ትልቅ ሱቅ ያለው ነጋዴና በዚያው ሱቅ ደጃፍ ጫማ የሚጠግነው ሰው የሚከፍሉት እኩል ነው። ነጋዴውን «አለህና ጨምር» የሚለው የለም። የሚባለው ሌላ ነው፦ መቃብር ሲቆፈር ናና ቆፍር፤ ቃሬዛ ሲነሣ ናና ትከሻህን ስጥ፤ ከቀረህ ትቀጣለህ። ሙስሊሙ ሲሞት ክርስቲያኑ አካፋ ይዞ ይወጣል፤ ክርስቲያኑ ሲሞት ሙስሊሙ ድንኳን ይተክላል። አባቶቻችን ይህን ሥርዓት ያቆሙት ሒሳብ ሳይገባቸው ቀርቶ አይደለም። ከባለጸጋ ብዙ መቀበል እንደሚቻል ከእኛ በላይ ያውቁ ነበር። የሸሹት ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ነው። ብዙ የከፈለ ብዙ ይናገራል፤ ጥቂት የከፈለ ወንበሩ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ውሎ አድሮ ለቅሶው ራሱ ትልቅና ትንሽ ይሆናል። እኩል መዋጮ የድሃው ጋሻ ነው። በእኩል የከፈለ ሰው በእኩል አፍ ይናገራል፤ ማንም ቀና ብሎ «አንተ ማን ነህ?» ሊለው አይችልም።

እንግዲህ 10 ዶላሩ የሚጎዳው ውጭ ያሉትን ብቻ እንዳልሆነ ልብ በሉ። ነገ አንዱ ከውጭ ደውሎ «የማኅበሩ ገንዘብ አብዛኛው የእኛ ነው፤ አዳራሹን እንዲህ አድርጉት፣ ሰብሳቢውን አውርዱት» ቢል በምን አፋችን እንመልሳለን? እኛ 50 ብር ከፋዮቹ በገዛ ማኅበራችን ተረጂ እንሆናለን። በ1977 ወጣት መምህር ሳለሁ ኮረም ላይ እህል ለመቀበል የተሰለፈውን ሕዝብ አይቻለሁ። ስሙ በተረጂ መዝገብ የተጻፈ ገበሬ፣ ትናንት በቅሬው ዳኛ የነበረ ሰው፣ ስሙ ሲጠራ ዓይኑን መሬት ላይ ነበር የሚተክለው። የሰጪና የተቀባይ መዝገብ አንድ ነገር ነው፤ የአባላት መዝገብ ሌላ ነው። ሁለቱን በአንድ ደብተር ማቀላቀል የሰውን ክብር ማቀላቀል ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» እያልን ልጅ ያሳደግን ሰዎች ነን፤ ዛሬ ሃምሳውንም ሎሚ ሰብስበን ጅዳ ላለች ሴት እናሸክም?

ውጭ ያሉትን ማገልገል ተጨማሪ ወጪ አለው የሚለውን ለመመለስ ብዙ አልደክምም። ማስታወቂያው የሚደርሳቸው በቴሌግራም ነው። እዚሁ ደሴ፣ ሸዋ በር ላለው አባል የሚላከውና ሪያድ ላለችው የሚላከው መልእክት አንድ ነው፤ በአንድ ጣት ይላካል።

ገንዘብ የለንም ወይ? የለንም። የጡረታ አበል ወር አያደርስም፤ የድንኳን ሸራ፣ የሬሳ ሣጥን፣ የመኪና ኪራይ ሁሉም ንሯል። ይህን እቀበላለሁ። ታዲያ መዋጮው ለሁላችንም እኩል ይጨመር! 80 ይሁን፣ 100 ይሁን፤ መክፈል ያቃተውን እንደ ወትሮው በሽማግሌ አይተን እንማረው። እኛ ላይ አንዲት ብር ሳንጨምር ሌላውን ሃያ እጥፍ ማስከፈል ግን ፍርሃት ነው። ፊት ለፊታችን የተቀመጠው ሰው እንዳይቆጣን ስለፈራን፣ ተነሥቶ ሊቃወም በማይችለው ላይ ጫንነው።

አዎን፣ ሊቃወሙ አልቻሉም። ማንም አልጠየቃቸውም። መተዳደሪያ ደንባችን አባላት ሁሉ በመብትም በግዴታም እኩል ናቸው ይላል፤ ድምፅ የሚሰጠው ግን አዳራሽ የተገኘ ብቻ ነው ተባለ። ለማስታወቂያ የሚደርሰው ቴሌግራም ለድምፅ መስጫ ሲሆን ከምን ላይ ጠፋ? በሌሉበት ተፈረደባቸው፤ ያውም የደሴ ሽማግሌዎች፣ ሁለቱን ወገን ሳይሰሙ የማይፈርዱ የነበሩት፣ ፈረዱባቸው።

ደግሞስ እነዚህ ሰዎች መቼ ነው ተለምነው እምቢ ያሉት? ጥቅምት 2014 ላይ ደሴ በጦርነቱ ስትያዝ እኔም ቤቴን ዘግቼ ከወጡት አንዱ ነበርኩ። ስልክ ተቋርጦ፣ ባንክ ተዘግቶ፣ ማን እንዳለ ማን እንደሞተ ሳይታወቅ በየከተማው የተበተንነውን እየፈለጉ ብር የላኩት እነሱ ናቸው። ስንመለስ አዳራሹ ባዶ ነበር፤ ወንበሩ የለም፣ ድንኳኑ የለም፣ ድስቱ እንኳ አልቀረም። ዛሬ የምንቀመጥባቸውን ወንበሮች ያስገዙት ውጭ ያሉት አባላት ናቸው። ማንም ደረሰኝ ይዞ አልሄደባቸውም፤ ስንት ስጡ ያላቸውም የለም። የጅዳዋ እናት ያን ጊዜ የላኩትን በእጄ መዝግቤዋለሁ፤ በአዲሱ ታሪፍ የሁለት ዓመት ክፍያ ይበልጣል። ከልብ የወጣ ስጦታ ነበር። አሁን ያንኑ እጅ በግዴታና በማስፈራሪያ ልንይዘው ነው፤ ካልከፈልሽ እንሰርዝሻለን ልንላት። የተቆጣ ሰው አንዴ ስሙን አስሰርዞ ከሄደ ለሚቀጥለው ችግር ማንን እንደምንጣራ ጉባኤው ውስጥ ያሰበ አልነበረም። በዶላሩ አዲስ ድንኳን እንገዛለን እየተባለ ከወዲሁ ዋጋ ይጠየቃል፤ ላም አለኝ በሰማይ!

ለሰብሳቢያችን በግልጽ እላለሁ፦ ጋሼ፣ ደብዳቤው ገና አልወጣም። ይያዙት። ስም ይሰረዛል የሚለው ቃል ለእርስዎ አይመጥንም፤ እርስዎም ወንድምዎን ባሕር ማዶ ቀብረዋል፤ የዚያን ቀን ፊትዎን አይቻለሁ።

ደንባችን ከአባላቱ ሲሶው ከፈረመ አስቸኳይ ጉባኤ ይጠራል ይላል። ወረቀቱን ሰኞ ጠዋት ጀምሬዋለሁ። እስከ ትናንት ማታ ከአራዳም፣ ከቧንቧ ውሃም፣ ከሆጤም የመጡ ፈርመውበታል፤ ሁለቱ እሑድ ዕለት እጃቸውን ለውሳኔው አውጥተው የነበሩ ናቸው። ውጭ ያሉትም በድምፅ ወይም በጽሑፍ ፈቃዳቸውን ይላኩ፤ እንደ ፊርማ እንዲቆጠር እከራከራለሁ። ሲሶ ለመሙላት አሥራ አንድ ሰው ይቀረናል። ከዐሥር ሰዓት በኋላ ቤቴ አለሁ።