ጭማሪው ከተለጠፈ በኋላ የምትጮኹ ወገኖቼ

ወገኖቼ፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን የክፍያ ጭማሪ በተሰማ ቁጥር የምናሰማው ሮሮ ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ሁልጊዜ የሚሰማው ውሳኔው ካለቀ፣ ፊርማው ካረፈ፣ ማኅተሙ ከተመታና ወረቀቱ ከተለጠፈ በኋላ ነው። አበው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ያሉት የእኛን ዓይነት ሰው አይተው ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ ልወቅስ የተነሣሁት ክፍያ የጨመሩትን ኃላፊዎች ብቻ አይደለም። ክፍያው በማን፣ መቼና በምን ስሌት እንደሚወሰን ሳንጠይቅ ዓመታት ያሳለፍነውን ተማሪዎችን፣ ወላጆችንና መምህራንን፣ «የእኔ ልጅ እዚያ የለም» ብሎ ዳር የቆመውንም ግብር ከፋይ ጭምር ነው።

እስቲ ማስታወቂያውን ራሱን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱት። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ገጽ ነው። ከላይ የተቋሙ ዓርማ፣ ቀጥሎ «ለሚመለከታችሁ ሁሉ» የሚል አርእስት፣ ከዚያ ሰንጠረዥ ይከተላል፤ የመመዝገቢያ፣ የአንድ ክሬዲት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ማማከሪያ፣ የጠፋ መታወቂያ መተኪያ፣ የትራንስክሪፕት እያለ ይወርዳል። ምክንያት ከተጻፈም «ወቅታዊ ሁኔታዎችን ከግምት ውስጥ በማስገባት» የሚል ሐረግ ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን «ተወስኗል» የሚለው ግስ ነው፤ ወሳኝ የሌለው ውሳኔ። የቀድሞው ክፍያ ከአዲሱ ጎን አይጻፍም፣ ሐሳቡን ያቀረበው ክፍል አይጠቀስም፣ የጸደቀበት ስብሰባ ቀን የለም፣ ቅሬታ ያለው ሰው የት ይሂድ የሚል መስመርም የለም። እኛስ ይህን ወረቀት ስናይ ምን እናደርጋለን? በስልክ ፎቶ እናነሣና በቴሌግራም እንለቀዋለን፤ ለሁለት ቀን እንሳደባለን፤ በሦስተኛው ቀን ባንክ ቤት እንሰለፋለን።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን አንድ ነገር ልናገር። ጭማሪ ሁሉ በደል አይደለም። የኑሮ ውድነቱ በእኛ ጓዳ ብቻ ቆሞ የቀረ አይደለም። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ኬሚካል፣ የቤተ ሙከራ መሣሪያና የኮምፒውተር ዕቃ በብር ሲሰላ ምን ያህል እንደናረ የገዛ ሁሉ ያውቀዋል። ትናንት በነበረው ክፍያ የዛሬውን ትምህርት አስተምሩ ብሎ መሟገት ጥራት የሌለው ትምህርት ስጡን ብሎ ከመለመን አይለይም። እንግዲህ የምጠይቀው ጭማሪ ለዘላለም ይቅር ብዬ አይደለም። ጭማሪው እውነተኛ ምክንያት ካለው ስሌቱን ማሳየት ከማንም በላይ የሚጠቅመው ራሱን ዩኒቨርሲቲውን ነው፤ ስሌቱን ሸሽጎ «እመኑኝ» የሚል ተቋም ግን እውነቱን ቢናገር እንኳ የሚያምነው አያገኝም።

የወጪ መጋራትን ነገር አስቡ። አሠራሩ በ1996 የትምህርት ዘመን ከተጀመረ ወዲህ በመደበኛው የመጀመሪያ ዲግሪ መርሐ ግብር ስንት ትውልድ አለፈበት! ተማሪው በምዝገባ ሰሞን ሻንጣውን በእግሩ መካከል አድርጎ ይሰለፋል፤ ተራው ሲደርስ ቅጽ ይሰጠዋል፤ «እዚህ ጋ ፈርም» ይባላል፤ ይፈርማል። የፈረመው ተመርቆ ከሚያገኘው ገቢ የሚከፍለው ዕዳ ነው። ለምግብ ስንት፣ ለመኝታ ስንት፣ ለትምህርቱ ስንት እንደተሰላበት ቆም ብሎ የሚያነብ ከስንት አንድ ነው፤ ለማንበብ ቢሞክርም ከኋላው ያለው ሰልፍ አያስቆመውም። የዕዳው ልክ የሚገባው ከዓመታት በኋላ ዋናውን ዲግሪ ለመውሰድ ሄዶ «መጀመሪያ የወጪ መጋራትህን ጨርስ» ሲባል ነው። እኛ ታላላቆቹ ይህን ሁሉ አልፈንበት እያለ ለታናናሾቻችን «ሳታነቡ አትፈርሙ፣ ዝርዝሩን ጠይቁ» ብለን አለመምከራችን ያሳፍራል። በማታው፣ በቅዳሜና እሑዱና በድኅረ ምረቃው ያለው ደግሞ በየሴሚስተሩ ከኪሱ አውጥቶ የሚከፍል ስለሆነ ጭማሪው የሚያርፍበት ዛሬውኑ ነው፤ በመሥሪያ ቤቱ ደመወዝ ላይ ተመሥርቶ የሁለት ዓመት ዕቅድ ያወጣ ሠራተኛ በመንገዱ አጋማሽ ላይ ክፍያው ሲቀየርበት ወይ ይበደራል ወይ ያቋርጣል።

ነገሩ ከዚህ በኋላ እየከበደ እንጂ እየቀለለ እንደማይሄድ እወቁ። የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294 በ2015 ዓ.ም. ወጥቷል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በቀዳሚነት ወደዚህ አሠራር ገብቷል። ራስ ገዝነትን አልቃወምም፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረውንና የሚመራመርበትን ራሱ ቢወስን መልካም ነው። ሆኖም ገቢውን ራሱ እንዲያመነጭ የተፈቀደለት ተቋም በጀቱ በጎደለ ቁጥር ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ተማሪው ላይ ነው፤ ሌላው የገቢ ምንጭ ጊዜና ድካም ይጠይቃልና። ሥልጣኑ ዩኒቨርሲቲውን ወደሚመራው ቦርድ ሲወርድ ቁጥጥሩም አብሮ ወደ እኛ መውረድ ነበረበት። ሥልጣኑ ወረደ፤ እኛ ግን ቦርዱ ውስጥ እነማን እንዳሉ እንኳ ለማወቅ አልሞከርንም።

«ምን መብት አለንና?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አላችሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል፤ በአንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590 ማንም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጎ፣ ተጠያቂው አካል በ30 ቀናት ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመንግሥት አካል ነው። የክፍያ ጥናቱ፣ ያጸደቀው ቃለ ጉባኤና የዓመቱ የገቢና ወጪ ሪፖርት የአገር ደኅንነት ምስጢር አይደሉም።

የሌላውም አገር ልምድ ሩቅ አይደለም። የካሊፎርኒያ ግዛት ሕግ አውጪ በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ክፍያ ከመጨመራቸው በፊት የተማሪ ማኅበራትን እንዲያማክሩ፣ ምክንያቱን በይፋ እንዲያስታውቁ፣ ጉዳዩ የሚመከርበት ስብሰባና የሚወሰንበት ስብሰባም በጊዜ የተራራቁ እንዲሆኑ አዟል። ሕጉ ጭማሪን አልከለከለም፤ በድንገት መጨመርን እንጂ። ወሳኙ ነገር በሁለቱ ስብሰባዎች መካከል ያለው ጊዜ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የተወያየበትን በዚያው ቀን የሚያጸድቅ ስብሰባ የተጠሩትን ሰዎች ለፎቶ ብቻ ፈልጓቸዋል ማለት ነው። እኛ ዘንድ «ውይይት ተደረገ» ሲባል ብዙ ጊዜ አዳራሽ ተሞልቶ፣ ስላይድ ታይቶ፣ ሦስት ሰው አስተያየት ሰጥቶ፣ «ሐሳባችሁን እንደ ግብዓት እንወስዳለን» ተብሎ መበተን ነው። ግብዓቱ የት እንደገባ ግን ማንም ተመልሶ አይነግረንም። እናንተም ጭብጨባችሁን አትርፉት፤ ሰነዱ ከስብሰባው ቀደም ብሎ ያልደረሰው ሰው ተመካከረ አይባልም።

ተማሪዎች ሆይ፣ ወቀሳዬን ከእናንተ አላርቅም። የዩኒቨርሲቲው የአካዳሚክ ጉባኤ በሆነው በሴኔት ወንበር ያላቸው ወኪሎች አሏችሁ። በመጨረሻው የኅብረት ምርጫ ስንቶቻችሁ ድምፅ ሰጣችሁ? ከሰጣችሁስ፣ ተወዳዳሪው ከየት አካባቢ እንደመጣ ነው የጠየቃችሁት ወይስ ስለ ክፍያ፣ ስለ ካፌ፣ ስለ መኝታ ቤት ምን እንደሚያነሣ? ወኪላችሁ ከሴኔት ሲመለስ ምን ተባለ ብላችሁ አቁማችሁት ታውቃላችሁ? ጠያቂ የሌለው ወኪል ቀስ በቀስ የአስተዳደሩ መልእክተኛ ይሆናል፤ ይህ የእሱ ጥፋት ብቻ አይደለም። ፍርሃታችሁ ከየት እንደመጣ አልዘነጋም። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነጻ ኅብረት እንዲኖራቸው፣ የተማሪዎች መጽሔት እንዲመለስና ፖሊስ ከግቢ እንዲወጣ ጠይቀው ነገሩ በደም መፋሰስ ማብቃቱን የዚያን ጊዜ የነበረ ሁሉ ያስታውሳል። እንዲህ ያለውን ያየ ወላጅ ልጁን «አንተ ትምህርትህን ብቻ ተማር» ብሎ ቢልክ አልፈርድበትም። ነገር ግን በፊርማ ተደግፎ በመዝገብ ቤት ገቢ የተደረገ ደብዳቤ ድንጋይ መወርወር አይደለም፤ ሥርዓት ያለው ጥያቄ ሲጠፋ ነው ድንጋዩ የሚመጣው።

ወላጆች ሆይ፣ የእናንተ ጥፋት ከዚህ ይልቃል። ጭማሪው ሲመጣ አብዛኞቻችሁ የምትሮጡት ወደ ዘመድ ነው። ግቢ ውስጥ የሚያውቃችሁን ሰው ትፈልጋላችሁ፤ ከወረዳ የድህነት ማስረጃ ታጽፋላችሁ፤ ለራሳችሁ ልጅ ክፍያው እንዲቀነስ ወይም እንዲራዘም ትለማመጣላችሁ፤ ሲሳካላችሁም ዝም ትላላችሁ። በዚህ መንገድ የምታገኙት ቅናሽ የሚወጣው ዘመድ ከሌለው የገበሬ ልጅ ኪስ ነው። በእውነት የተቸገረ እንዲረዳ ከሆነ መስፈርቱ ይጻፍ፣ ይለጠፍ፣ ማንም ሳይለማመጥ ይጠቀምበት። «በነጻ እየተማሩ ደግሞ ያማርራሉ» የምትሉም አላችሁ። በነጻ አይደለም፤ ቀሪውን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህም ስሌቱን የመጠየቅ መብት ከተማሪው እኩል የእናንተ ነው።

እናንተ በየቢሮው ያላችሁ ኃላፊዎችም ወገኖቻችን ናችሁና ተግሣጹ ያገኛችኋል። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚያቀርበው ሪፖርት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ስም በጉድለት ሲነሣ እንሰማለን፤ ያልተወራረደ ሂሳብ፣ ደንብን ያልተከተለ ግዥ፣ ያልተሰበሰበ ገንዘብ። በአንድ በኩል ያልተወራረደ ሂሳብ አንጠልጥሎ በሌላ በኩል ከተማሪው ጨምር የሚል ተቋም መጀመሪያ የራሱን ቤት ማጽዳት አለበት። ይህን ስል በሐቅ የምትሠሩትን አላውቃችሁም ማለቴ አይደለም፤ የጎደለ በጀት ይዛችሁ ቤተ መጻሕፍት ክፍት ለማድረግ ሌሊት የምትባዝኑ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለእናንተ ግልጽነት ጋሻ ነው፤ ሕዝቡ ጉድለቱን በቁጥር ቢያየው ጥያቄውን ወደ እናንተ ሳይሆን በጀት ወደሚመድበው አካል ይዞ ይሄዳል።

አሁን የሚቀጥለው የምዝገባ ወቅት ከመድረሱ በፊት ልንሠራው የሚገባ ሥራ አለ። በየግቢው ያሉ ተማሪዎችና ወላጆች ተሰባስበው ለዩኒቨርሲቲው የሕዝብ ግንኙነት ክፍል በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ያለፈው ጭማሪ የተመሠረተበት ጥናት፣ ያጸደቀው አካል ቃለ ጉባኤ፣ ከክፍያ የተሰበሰበው ገንዘብ የዋለበት ዝርዝርና ለቀጣዩ ዓመት የታሰበ ጭማሪ ካለ ረቂቁ ይሰጠን ብለው ይጠይቁ። ጀምረው በመማር ላይ ያሉት በገቡበት ክፍያ ይጨርሱ ወይስ አይጨርሱ የሚለውም ተለይቶ ይጠየቅ፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነውና። ማመልከቻው ገቢ ሲሆን ግልባጩ ላይ ቀንና ማኅተም ይመታበት፤ 30ው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው። መልስ ከተከለከላችሁ ክልከላው ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁና ለተቋሙ የበላይ ኃላፊ አቤት በሉ፤ እሱም ካልሰማችሁ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታችሁን ይቀበላል።