ማስተካከያ፦ ሳርኒያ ዋንጫ የወሰደው ሁለቴ ነው
ባለፈው ከፈረሰ ስለቆየው የካናዳ ፉትቦል አማተር ቡድን፣ ስለ ድሮው ሳርኒያ ኢምፔሪያልስ ስጽፍ፣ የካናዳ ፉትቦል የሻምፒዮና ዋንጫ የሆነውን ግሬይ ካፕን ሦስቴ ወስዷል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ሁለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ለፍጻሜ ደርሶ፣ ያውም በገዛ ከተማው ሜዳ፣ በቶሮንቶ አርጎናውትስ 4 ለ 3 ተሸንፏል። በአንዲት ነጥብ! እኔ ደግሞ ለፍጻሜ መድረሱን እንደ ዋንጫ ቆጥሬለት አረፍኩ። በዓመቱ ሬጃይናን 20 ለ 12፣ በ1936 ደግሞ ኦታዋን 26 ለ 20 ረቶ ወስዷል፤ ይሄኛው ትክክል ነው።

«ኳሷን ከመረብ አሳረፉ» ያልኩትንማ እርሱት። የካናዳ ፉትቦል ሞላላ ኳስ በእጅ ታቅፈው የሚሮጡበት ጨዋታ ነው፣ ምን መረብ አለው? «ኢምፔሪያልስ» የሚለው የቡድኑ ስምም ከንጉሥ ጋር አይገናኝም። የመጣው ከተማዋ ውስጥ ነዳጅ ማጣሪያ ከነበረው ኢምፔሪያል ኦይል ነው፤ ብዙዎቹ ተጫዋቾች እዚያው ተቀጥረው ይሠሩ ነበር።