ጀርባውን አሳዩኝ

እሁድ ከሰዓት የኛ ግቢ ቡና ላይ ባዶ እጁን የሚቀመጥ የለም። አንዷ በኪሮሽ ዳንቴል ትሠራለች። ሌላዋ የልጇን ዩኒፎርም ጉልበት ትጥፋለች። እኔ ከሳልባጅ የገዛሁትን ቀሚስ ወገቡን ለማጥበብ እታገላለሁ። አቦሉ እስኪደርስ ወሬውም መርፌውም እኩል ይሄዳል። ምርመራም አለ። አክስቴ የሰው ስፌት ስትቀበል መጀመሪያ የምታየው ጀርባውን ነው። «ፊቱንማ ማን አያሳምርም» ትላለች። ክሩ ከኋላ ተዝረክርኮ፣ ቋጠሮው ተንጠልጥሎ ካገኘችው ፍርዱ አንድ ነው፦ «ፍቺው!» ይግባኝ የለም።

ይህን ያነሳሁት የአዲስ አበባ የሥዕል ኤግዚቢሽኖች ነገር ስለሚያሳስበኝ ነው። የመክፈቻው ዕለት አዳራሹ ይሞላል፤ የሚሞላው ግን በሚተዋወቁ ሰዎች ነው። በማግስቱ ብትሄዱ እናንተና ጥበቃው ብቻ ናችሁ። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ በ1950 ዓ.ም. ተከፍቶ ስንት ሠዓሊ አፍርቷል፤ ሰዉ ግን ዛሬም «ሥዕል እኔ አይገባኝም» ይላል። አክስቴም ከነዚህ አንዷ ናት። እኔ አላምናትም። ጥለቱ ከነጠላው ጋር አልሄደም ብላ የሙሽራ ልብስ ያስቀየረች ሴት እንዴት ነው የማይገባት? የቀሚሱን ዳር ያስጌጠውን ሽመና ጥበብ የምንለው እኛው አይደለንም እንዴ?

እናም አንድ ቅዳሜ ዞማ ሙዚየም ወሰድኳት። መካኒሳ አካባቢ ነው፤ መስከረም አሰግድና ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ አቋቁመውት በ2011 ዓ.ም. ተከፈተ። ቤቶቹ የጭቃና የጭድ ናቸው፤ ግድግዳቸው በቅርጽ ያጌጠ። አክስቴ ገጠር ያደገች ናት። ገና ግድግዳው ጋ እንደደረሰች በመዳፏ ደባበሰችው። «ይሄማ የኛ ቤት ነው» አለች። ከዚያ ጭቃው ስንት ቀን ተቦክቶ እንደሚያድር፣ ጭዱ ካነሰ ምን እንደሚሆን ታስረዳኝ ጀመር። አስጎብኚ አላስፈለገንም።

ቁጭ እንዳልን የኤልያስን ሥራዎች በስልኬ አሳየኋት። ሸራ ላይ በክር የሰፋቸውን፣ አዝራር የደረደረባቸውን፣ ኋላ ደግሞ ከመርካቶ የተገዙ የኤሌክትሮኒክስ ሽቦዎች እየጎነጎነ የሠራቸውን። መነጽሯን አወጣች። ስልኩን ተቀበለችኝና ዝም ብላ ቆየች። በመጨረሻ «ጀርባው የታለ?» አለችኝ።

ሳቅኩ። ግን ሰውዬው ራሱ በ2016 ዓ.ም. ቬኒስ ላይ ላቀረበው ኤግዚቢሽን ርዕስ ሲያወጣ «ፊት እና ጀርባ» የሚሉትን የአማርኛ ቃላት አስገብቶበታል። አክስቴ ይህን አልሰማችም። መርፌዋ ነው ያስጠየቃት።

ለጋለሪዎቻችን አንድ ነገር ልበል። የመክፈቻ ቀን ወይኑን ቀንሱና ቡና አፍሉ። እሁድ ከሰዓት ክፈቱ፤ ብዙ ሰው ፋታ የሚያገኘው ያኔ ነው። ወንበር አስቀምጡ፤ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ሥዕል ፊት አንድ ሰዓት አትቆምም። ዳንቴሏን ይዛ ብትመጣ ደግሞ በር ላይ አትገላምጧት። «ጥበብን ወደ ቡና ወሬ ማውረድ ነው» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እሱ የኛ ግቢ ቡና ላይ ስፌቱን አስመርምሮ አያውቅም። እዚያ የሚሰጠውን ሂስ ያህል ምሕረት የሌለው፣ ያን ያህል ደግሞ ዝርዝር ውስጥ የሚገባ፣ የትኛውም መክፈቻ ላይ አልገጠመኝም። መክፈቻ ላይ የምሰማው «ደስ ይላል» ነው።

የዚያን ቀን ማታ አክስቴ ግማሽ ያደረሰችውን የትራስ ጥልፍ አወጣች። ገለበጠችው፣ ወደ መብራቱ አስጠጋችው፣ ከንፈሯን መጠጥ አደረገች። ከዚያ መቀሷን አንስታ ሁለት ረድፍ ፈታች።