ወርቁ የት ጋ ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ዲሲ ውስጥ ኡበር ስሰራ አንድ ወጣት ፈረንጅ ጫንኩ፣ ገና በሩን በደንብ ሳይዘጋ ብሉቱዝ አለህ ወይ ብሎ ስልኩን አገናኘና ዘፈን ለቀቀ። ወዲያው መሪዬን ይዤ ደነገጥኩ፣ የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ነዋ! ይሄ እኮ የኛ ሰው ነው ስለው «ኖ ማን፣ ናስ ነው» አለኝ። ሁለታችንም ልክ ነበርን።

ናስና ዴሚያን ማርሊ በ2010 እ.ኤ.አ. አብረው ያወጡት «ዲስታንት ሬላቲቭስ» የሚባል አልበም ነው፣ የሩቅ ዘመዳሞች እንደማለት። አንዱ የኒውዮርኩ ኩዊንስብሪጅ ሰፈር ራፐር፣ አንዱ የቦብ ልጅ። ሬጌው ላይ ሂፕሆፑን ይጭኑበታል፣ ከስር የሙላቱ ፈንክ ፈንክ የሚል ትዝታ ይገባል፣ የማሊዎቹ አማዱና ማሪያም ይመጣሉ፣ የጃማይካው ዴኒስ ብራውን ድምፅ ይሰማል። ወሬው ግን ጦርነት፣ ድህነት፣ እርስ በርስ መባላት ነው። እንደውም ጎሳዎች ሲዋጉ የሚለው ዘፈን ላይ ሞቃዲሾ የተወለደው ራፐር ኬናን አብሯቸው አለ።

ልጁ ይሄን ሁሉ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ በቃሉ ይለዋል፣ አንድም ቃል አያመልጠውም። ሲደርስ «ሀቭ ኤ ጉድ ዋን» ብሎኝ ወረደ። በቃ። ማንንም አልፈራ፣ ማንም አላኮረፈው፣ ጦርነቱም እዛው ወንበሩ ላይ ቀረ።

እኔ ደሞ 97 ትዝ አለኝ፣ የቴዲ አፍሮ «ያስተሰርያል» የወጣ ሰሞን። እሱም ሬጌ ነው። ከሜክሲኮ ሳሪስ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ድምፁን ሲጨምረው አንድ ሸምገል ያሉ ሰውዬ «ኧረ ቀነስ አርገው ልጄ፣ ጆሮ አለ» አሉት፣ ከኋላ ደሞ ሽንኩርት በፌስታል የያዘች ሴትዮ «ጨምረው አንተ፣ ዘፈን ነው እኮ!» አለች። ታክሲው ለሁለት ተከፈለ። ስም ሳይጠራ ማንን እንደነካ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ደሞ የየራሱን ያውቃል። እኛ ዘፈን አንሰማም፣ ቅኔ ነው የምንፈታው፣ ሰሙን ጥለን ወርቁን ስንቆፍር እናድራለን። እውነቱን ለመናገር እዚህ ሀገር ማንም የፈለገውን መናገሩን ብወደውም፣ እንደዛ ታክሲ አድርጎ የሚሰማ ሰው ግን አላየሁም።

(ዲያስፖራው በዚህ አይታማም፣ አመሉን በሻንጣ ይዞ ነው የመጣው። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ቤት ውስጥ ዲጄው የሆነ ዘፈን ሲከፍት ግማሹ ጠረጴዛ ሂሳብ ሲጠይቅ በአይኔ አይቻለሁ።)

ብቻ እንዲህ ሳስብ ቆየሁና አልበሙን ሙሉውን አዲስ አበባ ላለው የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ላኩለት። የሙላቱን ናስ ዘፈን ውስጥ ሲሰማ በደስታ ይዘላል ብዬ ነበር፣ ምክንያቱም ልጆች ሆነን ይሄ ዓይነቱ ሙዚቃ ለኛ ሬዲዮ ላይ ዜና እስኪጀምር ጊዜ መሙያ ነበር እንጂ ማን ቁም ነገር ብሎ ያዳምጠው ነበር! ሶስት ቀን ጠፋና በአራተኛው ቮይስ ላከ። ስለ ሙላቱ ትንፍሽ አላለም። «ስማማ፣ ያቺ የመጨረሻዋ አፍሪካ ንቂ የምትለዋ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አርጎ፣ «ተኝቷል የሚሉት እኛን ነው ወይስ እነሱን?»