የአበል ውዳሴ

ስልጠናን የሚያማ ሰው ስልጠና ያልተጠራ ሰው ነው። እኔ ግን ተጠራሁም አልተጠራሁም አመሰግናለሁ።

እስቲ አስቡት። ጤና ጣቢያዎቻችንን ለማጠናከር ከባሕር ማዶ ገንዘብ ይመጣል። ገንዘቡም ብልህ ነው፤ አዴት ድረስ ወርዶ ጭቃ አይረግጥም። ባሕር ዳር ሲደርስ ጣና ዳር ካለ ሆቴል አረፍ ይላል። ባለሙያው ራሱ ይመጣለታል፤ ከደጀን፣ ከብቸና፣ ከሞጣ፣ ከቡሬ። መንገዱ ክፍት ከሆነ ማለቴ ነው።

ጤና ጣቢያው ጭር አለ ብሎ የሚነጫነጭ አይጠፋም። ነርሷ እኮ የሄደችው አገልግሎቱን ልታሻሽል ነው! ወባ የያዘው ሰው ትንሽ ይታገሥ። ወባም ብትሆን በየመስከረሙ እንደምትብስ እያወቀች ከፕሮግራሙ ጋር ከተጋጨች ጥፋቱ የሷ ነው።

አዳራሹማ ሌላ ዓለም ነው። ባነሩ ተሰቅሏል፣ የታሸገው ውሃ ተደርድሯል። የቡድን ሥራ ይሰጣል፤ አንዱ ይጽፋል፣ የቀረው ስልኩን ይነካካል። «ጥያቄ ያለው?» ሲባል አንድ እጅ ይወጣል፦ «ትራንስፖርት ለብቻው ነው ወይስ ከአበሉ ጋር?» ከዚህ በላይ በጥልቀት የሚመረመር ርዕስ የለም። በመጨረሻው ቀን የፊርማውን ሊስት የያዘው ልጅ ከአሰልጣኙ በላይ ይከበራል። ደሞዙ ወር እንደማያደርስ አውቃለሁ። ግን ደሞዝ ቢጨመር ማን ባነር ይሰቅልለታል?

በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሴቶች 16 የጤና አገልግሎት ፓኬጅ ተሸክመው ቤት ለቤት ዞሩ። ያለ አዳራሽ! ለጋሾችም በ2005 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ አሠራራችንን እናቀናጃለን ብለው ተስማሙ። እኛም «አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት» አልን። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ፕሮጀክት የራሱን አንድ ሪፖርት የሚጠይቀው።

የአፍሪካ መሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. አቡጃ ላይ ከበጀታችን 15 በመቶውን ለጤና እንመድባለን ብለው ቃል ገብተው ነበር። እኛ ቃሉን አልፈጸምንም፤ ጨዋነት ነው። ጉድለቱን ራሳችን ከሞላነው ለጋሹ ምን ሊሠራ ይመጣል?

በ2025 እ.ኤ.አ. አሜሪካ እርዳታዋን ድንገት ስታቋርጥ አንዳንዱ ስለ መድኃኒቱ ተጨነቀ። አርቆ አሳቢው ግን «የሰኔው ስልጠናስ?» አለ።

አይዟችሁ፣ አዲስ ስልጠና ታስቧል አሉ። ርዕሱ ከእርዳታ ጥገኝነት መላቀቅ ነው። ሆቴሉ ተይዟል፤ አበሉን የሚከፍል ለጋሽ እየተፈለገ ነው።